የስድስተኛው ጣቢያ ድንጋይ፤ ከሱቅ ዐረቢ አጠገብ ስለ ተጀመረ አንድ የምርምር ታሪክ

ካርቱምን ጎብኝቶ ሱቅ ዐረቢን ሳያይ የተመለሰ እንግዳ፥ ከተማይቱን አየሁ ለማለት አይደፍርም ነበር። ይህ ገበያ በከተማይቱ መካከል፥ በታላቁ መስጊድ ዙሪያ የተዘረጋ ሲሆን፥ ጨርቅ ሻጩና ቅመም ሻጩ፥ መጽሐፍ አዟሪውና ገንዘብ መንዛሪው፥ ከሁሉም ይልቅ ወርቅ ሻጩ በየረድፉ ተቀምጦ ይነግድበት ነበር። በንግድም ሆነ በስደት ወደ ሱዳን የወረዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን የገበያውን ግርግር በሚገባ ያውቁታል። ከዚያ ወደ ሰሜን በእግር ጥቂት የተጓዘ ሰው ከጥቁር ዓባይ ዳር ይደርሳል፤ ከጣና የወጣው ወንዛችን የደጋውን አፈር ተሸክሞ በዚያ ያልፋል። በዚሁ ዳርቻ ላይ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ገበያውና ዩኒቨርሲቲው ጎረቤቶች ናቸው።

ወርቅ ሻጭ በየትም አገር ቢሆን አንድ የቆየ ልማድ አለው። የቀረበለትን ጌጥ በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ያሸዋል፤ ጌጡ የተወውን መስመር አስተውሎ ከሚያውቀው ወርቅ መስመር ጋር ያስተያያል፤ ከዚያም ይህ ንጹሕ ነው፥ ይህ መዳብ የተቀላቀለበት ነው ብሎ ይፈርዳል። ይህ ሰው ሳያውቀው የአንድ ታላቅ ጥበብ ተማሪ ነው። የነገርን ገጽ በጥንቃቄ ጠይቆ ስለ ውስጡ መልስ ማግኘት የሚባለው ጥበብ ይኸው ነው። በዘመናችን ይህን ጥያቄ እጅግ ጠልቆ የሚጠይቀው መሣሪያ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይባላል።

ስለዚህ መሣሪያ ለመምህራን መጽሔት መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መሣሪያው ውድ ነው፤ በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን ተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ እንደ ልብ አይገኝም። ነገር ግን ከዚህ ቀጥሎ የምተርከው ታሪክ፥ የዓለም ሊቃውንት በረቀቀ መሣሪያቸው ያዩትን ነገር ለማየት የቻሉት፥ አንድ የካርቱም መምህር ተማሪዎቹን አስከትሎ በበረሃ በእግሩ ስለ ተጓዘ መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ታሪኩ ከመሣሪያው ይልቅ የእኛ የመምህራን ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ማይክሮስኮፕ በካርቱም

በካርቱም የማይክሮስኮፕ ሥራ የቈየ ነው። ዛሬ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትምህርት ቤት በ1902 ዓ.ም. የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ ተከፈተ። መድኃኒት ሠሪው ሄንሪ ዌልካም በሰጠው ገንዘብ በኮሌጁ ውስጥ የሞቃት አገር በሽታዎች መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው አስተዳዳሪም ሐኪሙ አንድሩ ባልፎር ነበር። የላቦራቶሪው ሰዎች የወባን ትንኝ፥ የውሃን ጥራትና የደምን ጀርሞች መረመሩ። በኋላም ላቦራቶሪውን በጀልባ ላይ አድርገው በዓባይ ወንዝ ላይ ወደ ደቡብ እስከ መውሰድ ደረሱ። በሽተኛው ወደ መሣሪያው መምጣት ባይችል መሣሪያው ወደ በሽተኛው ሄደ ማለት ነው። ኮሌጁ በ1951 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፥ ሱዳን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የባልፎር ማይክሮስኮፕ ግን የብርሃን ማይክሮስኮፕ ነበር፤ ብርሃን ደግሞ ወሰን አለው። ይህን ወሰን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ከብርሃን ወደ ኤሌክትሮን

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ዓ.ም. ማይክሮግራፊያ የተባለውን መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ፥ በመጀመሪያ የመረመረው የመርፌን ጫፍ ነበር። ለዐይን እጅግ የሾለ መስሎ የሚታየው ጫፍ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደነዝና ጐርበጥባጣ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም የምላጭን ስለት አየ፤ እርሱም እንደ ታረሰ መሬት የተቦረቦረ ነበር። ሰው ለስላሳ ነው ብሎ የሚተማመንበት ገጽ ሁሉ ቀርበው ሲያዩት ኰረብታና ሸለቆ ያለበት መሆኑ በዚያን ጊዜ ተገለጠ።

ከዚያ በኋላ የመነጽር ሠሪዎች ጥበብ እየተሻሻለ ሄደ። ይሁን እንጂ ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1873 ዓ.ም. የማያስደስት ነገር አስረዳ። መነጽሩ የቱን ያህል ቢሻሻል፥ ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ግማሽ ያነሰ ርቀት ያላቸውን ሁለት ነጥቦች ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ወሰኑ 200 ናኖሜትር ገደማ ነው። አንድ ናኖሜትር ማለት ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። ከዚያ በታች ያለውን ዓለም ብርሃን ሊያሳየን አይችልም፤ በወፍራም ጣት የስንዴን ቅንጣት ሥንጥቅ መዳሰስ እንደማይቻል ያለ ነው።

መውጫው መንገድ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ብሮይ በ1924 ዓ.ም. ኤሌክትሮን እንደ ሞገድም እንደሚሆን አስተማረ፤ የሞገዱም ርዝመት ከብርሃን ሞገድ በብዙ ሺህ እጅ ያጥራል። ሐንስ ቡሽ ደግሞ በ1926 ዓ.ም. የመዳብ ሽቦ ጥቅልል የሚፈጥረው የማግኔት ኀይል፥ መስተዋት ብርሃንን እንደሚሰበስብ፥ ኤሌክትሮኖችን ሊሰበስብ እንደሚችል አመለከተ። በ1931 ዓ.ም. በበርሊን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ማክስ ክኖል የተባለው ኢንጂነርና ተማሪው ኤርንስት ሩስካ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሠሩ። ሩስካ በዚያን ጊዜ ገና 25 ዓመት አልሞላውም ነበር። በ1933 ዓ.ም. የሠራው መሣሪያ የብርሃን ማይክሮስኮፕን ወሰን አለፈ። የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ግን በ1986 ዓ.ም.፥ ከመጀመሪያው ሥራው 55 ዓመት ቈይቶ ነው።

የሩስካ መሣሪያ ኤሌክትሮኖችን በናሙናው ውስጥ አሳልፎ ከበስተጀርባው ምስል የሚያሳይ ነበር፤ ስለዚህ ናሙናው እጅግ ስስ መሆን ነበረበት። የወፍራም ነገርን ገጽ ለማየት ሌላ ዘዴ አስፈለገ። ማንፍሬድ ፎን አርዴነ በ1938 ዓ.ም. ገደማ በበርሊን የኤሌክትሮኑን ጨረር አሹሎ ገጹን በመስመር በመስመር የሚዳስስ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው ግን በ1944 ዓ.ም. በአየር ድብደባ ጠፋ። ሥራውን እንደገና ያነሣው በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ኦትሊ ነው። ኦትሊ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራውን ለተማሪዎቹ አደለ፤ ዴኒስ ማክሙላን የተባለው የመጀመሪያው ተማሪ በ1951 ዓ.ም. ምስል አገኘ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም እያንዳንዳቸው ቀዳሚያቸው ከተወበት እየተነሡ መሣሪያውን አሻሻሉት። በ1965 ዓ.ም. ስቴሪዮስካን በሚል ስም ለሽያጭ ቀረበ። አንድ መምህር ለዐሥራ ሰባት ዓመታት ያህል ሥራውን ከተማሪ ወደ ተማሪ በማስተላለፍ ዓለምን አዲስ ዐይን ሰጣት ማለት ይቻላል።

የመሣሪያው አሠራር ለገበሬ ልጅ ለማስረዳት አያስቸግርም። ገበሬ በሬውን ጠምዶ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ትልም በትልም እንደሚያርስ፥ ጨረሩም የናሙናውን ገጽ መስመር በመስመር ይመላለስበታል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ጨረሩ ሲያርፍ ከገጹ ትናንሽ ኤሌክትሮኖች ይፈናጠራሉ፤ ከጠርዝና ከአቀበት ብዙ፥ ከጐድጓዳው ጥቂት ይወጣሉ። መሣሪያው የተፈናጠሩትን እየቈጠረ ብዙ በሆኑበት ነጣ፥ ጥቂት በሆኑበት ጠቈር አድርጎ ምስሉን ይሥላል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በጨረሩ ሲመታ የራሱ የሆነ የኤክስ ጨረር ስለሚያወጣ፥ ይህ ብረት ነው፥ ይህ ድኝ ነው፥ ይህ ኒኬል ነው ብሎ ለመለየት ይቻላል። የሱቅ ዐረቢው ወርቅ ሻጭ በመፈተኛ ድንጋዩ የሚፈልገውን መልስ ይህ መሣሪያ ከአቧራ ቅንጣት ላይ ያገኘዋል።

ስለ ናሙና ዝግጅት

መሣሪያው ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፥ ናሙናው በሚገባ ካልተዘጋጀ የሚያሳየው ሐሰት ነው። በመሣሪያው ውስጥ አየር እንዲኖር አይፈቀድም፤ ኤሌክትሮኖቹ ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ስለሚበተኑ ነው። ስለዚህ ናሙናው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። የጣት ቅባት እንኳ በባዶው ውስጥ እየተነነ ምስሉን ስለሚያበላሽ በባዶ እጅ አይነካም። ድንጋይ የሆነ እንደ ሆነ ይቈረጣል፤ የሚፈረካከስ ከሆነ በፈሳሽ ሙጫ ተነክሮ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ገጹ በየደረጃው በሚልም ዱቄት እንደ መስተዋት እስኪሆን ይፋቃል።

ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ነገር ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። የወረደበት ኤሌክትሮን መውጫ አጥቶ በገጹ ላይ ይከማችና ምስሉን ያደበዝዘዋል። ይህን ለመከላከል ገጹን ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ባለው ካርቦን ወይም ወርቅ ይለብጡታል። በሱቅ ዐረቢ ወርቅ በግራም ይመዘን ነበር፤ በዚህ ሥራ ግን ዐይን ሊያየው የማይችል የወርቅ ሸማ ይበቃል።

ጨረሩ ዘልቆ ለሚያልፍበት መሣሪያ የሚሆነው ናሙና ከሁሉ ያስቸግራል። ውፍረቱ ከ100 ናኖሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ይህም የአንድ ጠጉር ውፍረት ለብዙ መቶ ሲከፈል የሚደረስበት መጠን ነው። ለስላሳ ነገር በአልማዝ ስለት ይሸነሸናል። ናሙናው ራሱ አልማዝ የያዘ ሲሆን ግን ስለት አይበቃውም፤ ስለዚህ ጋሊየም ከሚባል ብረት የሚወጣ የአቶም ጨረር እንደ መጥረቢያ እያገለገለ ስሱን ገበታ ከድንጋዩ ጠርቦ ያወጣል። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ስሕተት የብዙ ቀን ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

የመስከረም 27 ሌሊት

አሁን ወደ ሱዳን እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት 6 ቀን በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት በሌመን ተራራ ላይ የነበረው ሪቻርድ ኮዋልስኪ በቴሌስኮፕ ሲመለከት አንዲት ትንሽ የምትንቀሳቀስ ነጥብ አገኘ። መንገዷ ሲሰላ ከምድር ጋር ልትጋጭ 20 ሰዓት ያህል ብቻ እንደ ቀራት ታወቀ። የምትወድቅበትም ስፍራ የሱዳን ሰሜናዊ በረሃ መሆኑ ተነገረ። ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ ከመውደቁ በፊት ሲታወቅ ይህ በሰው ታሪክ የመጀመሪያው ነው። ድንጋዩ 4 ሜትር ያህል ስፋትና 80 ቶን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ተገምቷል።

በማግሥቱ፥ በእኛ አቈጣጠር መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም.፥ በሱዳን ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ሲሆን፥ ድንጋዩ በሰከንድ 12 ኪሎሜትር በሚያህል ፍጥነት ወደ አየር ገባ፤ 37 ኪሎሜትር ያህል ከፍታ ላይም ፈነዳ። ብልጭታውን በቻድ ሰማይ ላይ ይበርር የነበረ የሆላንድ አውሮፕላን አብራሪ ከሩቅ አየው። ጎሕ ሲቀድ በሰማይ ላይ ተጠማዝዞ የቀረው ጢስ በዋዲ ሐልፋ ፎቶግራፍ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ሁሉ ጸጥ አለ። ብዙዎች ሊቃውንት ድንጋዩ ተቃጥሎ አልቋል፥ ወደ ምድር የደረሰ ነገር አይኖርም ብለው አሰቡ።

በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ዶክተር ሙዓዊያ ሻዳድ ግን ሳይፈልጉ ተስፋ መቍረጥን አልመረጡም። ከአሜሪካ ከመጣው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከፒተር የኒስከንስ ጋር ሆነው ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ ያዩ የሰሙ ሰዎችንም ጠየቁ። ከዋዲ ሐልፋ ወደ አቡ ሐመድ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ በ1897 ዓ.ም. የኪችነር ጦር በበረሃው ውስጥ የዘረጋው ነው፤ በመንገዱ መንደር ስለሌለ ጣቢያዎቹ በስም ሳይሆን በቍጥር ይጠራሉ። የፍንዳታውን ብርሃን በቅርብ ካዩት መካከል የስድስተኛው ጣቢያ ሰዎች ነበሩበት። ስድስተኛው ጣቢያ በዐረብኛ አልማሐጣ ሲታ ይባላል። ድንጋዩ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቀው በዚህ ስም ነው።

በታኅሣሥ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. 45 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና ሠራተኞች ወደ በረሃው ገቡ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። በረድፍ ተሰልፈው፥ ዐይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ፥ እኩል ይራመዳሉ። በአሸዋማው ሜዳ ላይ ጥቁር የሆነ ነገር ያየ ሰው ይቆማል፤ ይመረመራል፤ ስፍራው ይመዘገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ አንድ ሰው ብቻውን በዓመት የማያዳርሰውን ሜዳ እነርሱ በአራት ቀን አዳረሱት። በመጀመሪያው ጉዞ 15 ስብርባሪዎች ተገኙ። በዚያው ወር መጨረሻ ሌላ የተማሪ ቡድን ሄዶ ቍጥሩ 47፥ ክብደቱም ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ሆነ። ወሬው በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ሲወጣ የካርቱሙ መምህር ስም ከጸሓፊዎቹ መካከል ነበር። በቀጠሉት ዓመታት የተሰበሰበው ሁሉ 600 ያህል ስብርባሪ ደረሰ፤ ክብደቱም ከ10 ኪሎ በላይ ሆነ። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሊቃውንት ስለዚህ ድንጋይ ለመነጋገር በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተሰበሰቡ። ባልፎር ላቦራቶሪውን ወደ በሽተኛው እንደ ወሰደ፥ በዚህ ጊዜ ደግሞ ሊቃውንቱ ወደ ድንጋዩ አገር መጡ።

በድንጋዩ ውስጥ የታየው

ስብርባሪዎቹ ቀዳዳ የበዛባቸው፥ ጥቁርና በቀላሉ የሚፈረካከሱ ነበሩ። አብዛኞቹ ዩሬላይት ከሚባለው ብርቅ ወገን ሆኑ፤ ይህ ስም በ1886 ዓ.ም. በሩሲያ ኖቮ ኡሬይ በምትባል መንደር ከወደቀ ድንጋይ የተወረሰ ነው። ነገር ግን ከመካከላቸው ፈጽሞ የሌላ ወገን የሆኑ ድንጋዮችም ተገኙ። ከአንድ ሰማያዊ አካል የወደቁ ሲሆኑ ባሕርያቸው ልዩ ልዩ መሆኑ ሊቃውንቱን አስገረመ፤ አካሉ በጥንት ዘመን ከተሰባበሩ ከብዙ ዓለማት ፍርስራሽ የተጠራቀመ መሆኑንም አመለከተ። ተማሪዎቹ ትልልቁን ብቻ መርጠው ትንንሹን ትተውት ቢሆን ኖሮ ይህ ባልታወቀም ነበር።

በ2018 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ከዚህ ድንጋይ ውስጥ የተገኙትን አልማዞች ከላይ በተገለጠው መንገድ አዘጋጅተው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። በአልማዞቹ ውስጥ የተቀበሩ፥ በናኖሜትር የሚለኩ የብረትና የድኝ፥ የክሮማይትና የፎስፌት ቅንጣቶች አገኙ። የብረትና የድኙ ውሕድ ሊፈጠር የሚችለው ከ200,000 ከባቢ አየር በሚበልጥ ግፊት ብቻ ነው ብለው አሰቡ። እንዲህ ያለ ግፊት የሚገኘው በትልቅ ዓለም ሆድ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ድንጋዩ ስፋቷ በሜርኩሪና በማርስ መካከል ከነበረች፥ በፀሐያችን ሥርዐት መጀመሪያ ከተሰባበረችና ከጠፋች ዓለም የመጣ ነው ብለው ጻፉ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2020 ዓ.ም. ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚሁ ወገን የሆኑ ድንጋዮችን፥ የስድስተኛውን ጣቢያ ድንጋይ ጨምረው መርምረው፥ አልማዞቹ በትልቅ ዓለም ሆድ ውስጥ ሳይሆን በግጭት ድንጋጤ፥ ብረት አጋዥ ሆኖላቸው ሊፈጠሩ እንደሚችሉ አሳዩ። እንዲህ ከሆነ ትልቅ ዓለም መኖሩን መገመት ግድ አይሆንም። ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት ከአንድ ሜዳ በተለቀመ ድንጋይ ላይ ነው። ተማሪዎቻችን ሳይንስ ማለት በመጽሐፍ የተጻፈ የማይነቃነቅ ቃል ነው ብለው እንዳይሳሳቱ ይህን ክርክር ማስተማር ይበጃል። የሚከበረው ማስረጃው ነው፤ ፍቺው ግን አዲስ ማስረጃ በመጣ ጊዜ ይታረማል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ሌላ ነገር ተሰማ። 202 የሚል ቍጥር ከተሰጣት ትንሽ ስብርባሪ 50 ሚሊግራም ብቻ ተወስዶ በልዩ ልዩ መሣሪያ ተመረመረ። በውስጡም አምፊቦል የሚባል፥ ሲፈጠር ብዙ ጊዜ ውሃና ከፍ ያለ ግፊት የሚፈልግ ማዕድን ተገኘ። ከዚህም የተነሣ ከ640 እስከ 1,800 ኪሎሜትር የሚደርስ ስፋት የነበረው፥ ውሃ የጐበኘው ሌላ አካል በጥንት ዘመን እንደ ነበረ ተገመተ። 50 ሚሊግራም ማለት ከአንዲት የባቄላ ፍሬ እጅግ ያነሰ ነው። ይህች ስባሪ ዋጋ ያገኘችው ስፍራዋና ቍጥሯ በሥርዐት ስለ ተመዘገበ ነው። ከየት እንደ ተነሣች የማይታወቅ ብትሆን ኖሮ ከተራ ጠጠር ባልተለየች ነበር።

ስለ ራሳችን አገር

ይህን ሳነብ የራሳችን ድንጋይ ትዝ ይለኛል። ያ ድንጋይ ከሰማይ በወደቀበት በ2008 ዓ.ም. በወሎ በደላንታ፥ በወገል ጤና አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች በገደሉ ወገብ ላይ ኦፓል የሚባለውን፥ ሲያዘዋውሩት ቀለሙ የሚለዋወጥ የከበረ ድንጋይ አገኙ። ኦፓል ያን ሁሉ ቀለም ከየት እንደሚያመጣ ለረጅም ዘመን ምሥጢር ነበር። ምሥጢሩ የተፈታው በ1964 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። የኦፓል ስባሪ ሲታይ፥ ውስጡ እንደ ተደረደረ የሽንብራ ክምር፥ በናኖሜትር የሚለኩ እኩል የሆኑ የሲሊካ እንክብሎች የተሰለፉበት ሆኖ ተገኘ። በእንክብሎቹ መካከል ያለው ርቀት ከብርሃን ሞገድ ርዝመት ጋር ስለሚመጣጠን ብርሃኑን በየቀለሙ ይበትነዋል። ቀለሙ የመጣው ከማቅለሚያ ሳይሆን ከሥርዐት ነው። የወሎው ኦፓል አፈጣጠሩ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለ ሆነ ከአውስትራሊያው ይለያል፤ የውስጡም ቅንጣቶች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመርምረዋል።

ገበሬው ያገኘውን ድንጋይ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ይዞት ቢመጣ እኛ መምህራን ምን እንለዋለን? ጣለው፥ መጽሐፍህን አንብብ ብንለው አንድን ምርምር በእንጭጩ ቀጠፍነው። ከየት አነሣኸው? በዙሪያው ምን ነበረ? ከማን ጋር አገኘኸው? ብለን ጠይቀን፥ ቀኑንና ስፍራውን በደብተሩ እንዲጽፍ ብናደርገው ግን፥ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከሚጠይቀው ሥራ የመጀመሪያውን ክፍል አስተማርነው። የናሙና ዝግጅት በላቦራቶሪ አይጀምርም፤ ድንጋዩ ከመሬት በተነሣበት ሰዓት ይጀምራል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሳስተምር ከዕጩ መምህራን ብዙ ጊዜ የምሰማው ቅሬታ መሣሪያ የለንም የሚል ነው። ቅሬታው እውነት ስለ ሆነ አልነቅፈውም፤ የትምህርት ሹማምንትም መሣሪያ ማቅረብ ግዴታቸው መሆኑን ሊዘነጉ አይገባም። ነገር ግን የካርቱሙ መምህር ወደ በረሃው በወጡ ጊዜ ከተማሪዎቻቸው ዐይንና እግር በላይ ምን መሣሪያ ነበራቸው? ውዱ መሣሪያ በኋላ በሌላ አገር ተገኘ፤ በመጀመሪያ የተገኘው ግን በረድፍ የሚራመድ፥ ያየውን በእውነት የሚመዘግብ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለውን ተማሪ ከውጭ አገር ልናስመጣው አንችልም፤ እኛው በክፍላችን ውስጥ ልናበቅለው ይገባል።

ፍጻሜ

ይህን ጽሑፍ በሱቅ ዐረቢ ስለ ጀመርሁ በዚያው ልፈጽም ይገባኛል። በሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ የመጀመሪያው ውጊያም በካርቱም ከተማ ውስጥ ሆነ። ሱቅ ዐረቢ የጦር ሜዳ ሆነ፤ ሱቆቹ ተዘረፉ፥ ተቃጠሉ። ጎረቤቱ ዩኒቨርሲቲም ከጉዳት አልዳነም፤ መምህራኑና ተማሪዎቹ በየአገሩ ተበተኑ። ከተማይቱን ሠርተው ይኖሩባት የነበሩ ወገኖቻችንም ዳግመኛ ለስደት ተዳረጉ። የመንግሥቱ ጦር የከተማይቱን መካከል መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ዓ.ም. ነው።

የፎን አርዴነ መሣሪያ በበርሊን በቦምብ በጠፋ ጊዜ ጥበቡ አብሮት አልጠፋም፤ አሠራሩ በጽሑፍ ስለ ነበረ ሌላ መምህር በሌላ አገር አነሣው። እንደዚሁ በካርቱም የፈረሰው ግድግዳ ነው። ከስድስተኛው ጣቢያ ሜዳ የተለቀሙት ድንጋዮች የተገኙበት ስፍራ ተመዝግቧል፤ የተገለጠው እውነት በዓለም መጻሕፍት ውስጥ ይነበባል፤ በዚያ ረድፍ የተራመዱት ወጣቶችም ዛሬ ያሉበት ስፍራ የትም ቢሆን፥ ማየትን የተማሩ ሰዎች ናቸው። የመምህር ሥራ ከእሳት የሚተርፈው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ የተከበራችሁ የሙያ ባልንጀሮቼ፥ ነገ ጧት አንድ ልጅ ጠጠር ይዞ ወደ ክፍላችሁ ቢገባ፥ እባካችሁ ከየት እንዳነሣው ጠይቁት፤ የሚመልስላችሁንም ይጻፈው።